ቅጠል የሌለባቸው ፎቶዎች

ኡርሚላ ባውሪ የመጀመሪያውን ፎቶ ከጥቅሉ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ የማታውቃት ሴት አየች። ሳሪው የአክስቷ የባሶንቲ ነው። በጀርባዋ ያዘለችው የቅጠል ቅርጫትም የእሷው ነው። ፊቱ ግን የሌላ ሰው ሆኗል፤ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ እንደምትስቀው ሴት ቀይና ለስላሳ። ከኋላዋ የሻይ እርሻው አረንጓዴ ሆኖ ተንጣሏል።

ሁለተኛውን ፈታች። ሦስተኛውን ፈታች። ዐሥራ አራቱም ሴቶች ቀልተዋል።

«ሞክሌስ ቻቻ፣ ምን አድርገዋቸው ነው?»

እንደ አጎት «ቻቻ» የምትለው ሞክሌስ የፎቶ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ነው። በባንግላዴሿ ሲልሄት ከተማ ያገባና የዳረ ሁሉ በእጁ አልፏል። ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተጎንብሶ ነበርና ምስጋናውን እየጠበቀ ሻዩን ፉት አለ።

«አስተካከልኳቸዋ! ብርሃን በዝቶባቸው ተቃጥለው ነበር እኮ። ሰማዩ ነጭ፣ እርሻው ነጭ፣ ሴቶቹ ከሰል! ልጅ ናት፣ ቸኩላ ነው ብዬ አዘንኩልሽ። ቅጠሉን ከሌላ ፎቶ አምጥቼ ነው የተከልኩልሽ። ለማንም አላደርገውም።»

«አስተካክሉ ማን አለዎት?»

«ይሄ ደግሞ ይነገራል እንዴ? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ለምን ቀይ አደረግኸኝ ብላ የተቆጣች ሴት አላየሁም። ሳላቀላት ስቀር ነው እናቷ ጃንጥላ ይዛ የምትመጣብኝ።»

ውሸቱን አልነበረም። ለጋብቻ የሚላክ ፎቶ ሳይቀላ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ከመደርደሪያው በላይ የተሰቀለው የሞክሌስ የራሱ ፎቶ እንኳ ወተት የመሰለ ሰው ስለሆነ፣ አዲስ ደንበኛ ጠይሙን ሞክሌስን ፊት ለፊት እያየ «ባለቤቱ የሉም?» ይለው ነበር።

ኡርሚላ ግን የመሳቅ ሐሳብ አልነበራትም። ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው። እነዚህን ፎቶዎች ለማንሳት ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ነገ ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉት ወይ እሷ ያየቻቸው ሴቶች ናቸው፣ ወይ እነዚህ።

«እኔ እንደሰጠሁዎት አድርገው ያትሙልኝ።»

«እንደተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። የሻይ እርሻ ፎቶ ስንት አይተዋል፣ ቻቻ? ካላንደር ላይ፣ የሻይ ቆርቆሮ ላይ። አንሺው ብርሃኑን የሚለካው ከቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ያምርለታል፤ ሴትዮዋ ግን ጥቁር ነጥብ ሆና ትቀራለች። ዐይን የላት፣ አፍንጫ የላት። እናቴ እንደዚያ ካላንደር ላይ ወጥታለች። ከሦስቱ ነጥቦች የትኛዋ እንደሆነች ራሷም አታውቅ! እኔ የምለካው ከፊታቸው ነው። ለፊታቸው የሚበቃውን ብርሃን ሳስገባ ሰማዩና እርሻው ነጭ ሆነው ይጠፋሉ። ይጥፉ! እስከ ዛሬ ሲታዩ የኖሩት እነሱ ናቸው።»

«እሱስ ይሁን፣ እኩለ ቀን ላይ ፎቶ ይነሳል? ጠዋት ወይ ማታ ነው እንጂ። ይህን የማያውቅ የለም።»

«እነሱ የሚሠሩት እኩለ ቀን ላይም ነው።»

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ኤግዚቢሽኑ የሚቀርብበት አዳራሽ ኃላፊ፣ ኡርሚላ እንደ ታላቅ እህት «አፓ» የምትላት ፌርዶሲ ገባች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እፎይ! እኔማ በስልክ የላክሽልኝን አይቼ ፈርቼ ነበር። አሁን አማረ። ነገ እንግዶቹ ፊት ስትናገሪ ስለ እርሻው ውበት ጥቂት ጣል አድርጊበት፣ እሺ?»

ኡርሚላ መደርደሪያው ላይ የነበረውን መቀስ አነሳችና የቀላችውን ሴትዮ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀቻት። ቀጥላ ሁለተኛዋን።

«አበድሽ እንዴ!»

«እነዚህን ሴቶች አላውቃቸውም፣ አፓ። እኔ አላነሳኋቸውም።»

ፌርዶሲ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። «ስሚኝ። ነገ አራት ሰዓት ላይ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። እነዚያን ጥቋቁሮቹን ካመጣሽም መልስ የምትሰጪው አንቺው ነሽ። አንድ ቃል አላግዝሽም።» በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ወጣች።

ሞክሌስ ቁርጥራጩን ከመሬት እያነሳ ነበር። «የሁለት ቀን ሥራዬን! ሰው ከመቁረጡ በፊት ይመክራል።»

«ማቅላትማ ማንም ያቀላል፣ ቻቻ። የስልክ ጨዋታ ሆኗል። ጥቁሯን ጥቁር አድርጎ፣ የቅንድቧ ፀጉር ሳይጠፋ፣ የግንባሯ ላብ ሳይጠፋ ማውጣት ነው ጭንቁ። የማይሆንልዎት ከሆነ ይንገሩኝ፤ ዳካ የሚያትምልኝ ሰው አለ።»

«ዳካ?» ሞክሌስ ቀና አለ። «እኔ እዚህ ተቀምጬ ዳካ? ወረቀት አቀብዪኝ!»

የመጀመሪያው ወጣ። ባሶንቲ ጥላሸት ሆናለች፤ ጆሮዋም አይታይ። «አላልኩሽም?» አለ ሞክሌስ በድል አድራጊነት። «ይድገሙት» አለችው። ሁለተኛው ሸክላ መሰለ። ሦስተኛው ላይ ላቡ መጣ፤ አገጯ ግን ጨለማ ውስጥ ቀረ። «ያቺን አገጭ ካላወጣኋት ስሜን ቀይሪው!» እያለ ሸሚዙን ጠቀለለ። አሁን የሚከራከረው ከኡርሚላ ጋር ሳይሆን ከማሽኑ ጋር ነበር።

በስድስተኛው ባሶንቲ መጣች። ጉንጯን ቅርንጫፍ የጫረበት ጠባሳ፣ በዐይኗ ዙሪያ ሽብሽቡ ውስጥ የገባው አቧራ፣ የተኮሳተረ አፏ፣ ሁሉም አለ። ከኋላዋ ምንም የለም፤ ነጭ ብቻ። ሞክሌስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አጠለቀ።

«ተናዳለች» አለ።

«አዎ። ቶሎ በዪ፣ ቅጠሉ ይጠወልግብኛል እያለችኝ ነበር።»

«ኧረ እኔንም እያየችኝ ነው!» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐሥራ አራቱም ደረሱ።

በማግስቱ በአዳራሹ እንግዶች የሻይ ስኒ ይዘው ከፎቶ ወደ ፎቶ ይዘዋወሩ ጀመር። ፌርዶሲ እንዳለችው ራቅ ብላ ቆማለች። ባሶንቲ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ ለበዓል የምትለብሰውን ሳሪ ለብሳ፣ የራሷ ፎቶ አጠገብ ቆማለች። ሰዎች እሷንና ፎቶውን ባዩ ቁጥር እሷም እነሱን ከላይ እስከ ታች ታያቸዋለች።

ኡርሚላ ለሞክሌስ የነገረችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ተናገረች፣ ካላንደሩንም፣ እናቷንም። ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር። ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ስኒውን እንደያዘ እጁን አወጣ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ። ግን ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የሻይ እርሻ ፎቶ ነው ተብለን ነው የመጣነው። ሻዩ የታለ?»

ኡርሚላ ስለ ብርሃኑ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ባሶንቲ ቀደመቻት።

«ጠጣችሁት እኮ!»

በአዳራሹ ከኋላ በኩል የሞክሌስ ሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ስኒውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ግራና ቀኝ አየና፣ ሳይወድ ዐይኑን ወደ ፎቶው መለሰ።

ፌርዶሲ ፈጠን ፈጠን እያለች መጥታ ወደ ኡርሚላ ጆሮ ተጠጋች። «አክስትሽን ዝም አሰኚያት፤ እንግዶች ናቸው።»

«አክስቴን? ሁለት ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም፣ አፓ።» ኡርሚላ አክስቷን ክንዷን ይዛ ወደ ፊት አመጣቻትና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?»