የተዛነፈው የሹራብ ቁልፍ

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው በስሙ አይጠራውም፤ «ቀጥ በል» ነው የሚለው። ደንበኛ ለልክ ፊቱ በቆመ ቁጥር «ቀጥ በል!» ስለሚል የወጣለት ስም ነው። ሰውየው የተጣመመ ኮሌታ ካየ እህል አይወርድለትም። አንዴ ሠርግ ተጠርቶ፣ ሙሽራው ሊስመው ቢጠጋ፣ በሰው ሁሉ ፊት ክራባቱን ፈቶ እንደ አዲስ አስሮለታል። ሚስቱ በዚህ ጠባዩ ስንት ዓመት እንደተቃጠለች እሷ ትወቀው።

በዚያ ሰሞን የስፌት መኪናው መርፌ ሌባ ጣቱን ወጋው። «ልብስ ሰፊን መርፌ ወጋው ደግሞ ወሬ ነው?» አለና በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ። ጣቱ ቀልቶ ሲያብጥ ሚስቱ «ኧረ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከዚያ አተኮሰው፤ አልጋው እስኪነቃነቅ ድረስ አንቀጠቀጠው። ታላቅ እህቱ፣ ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ» የሚሏቸው፣ ይህን ሰምተው መጡና ራስጌው ተቀምጠው ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ ያብሱ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ልብሷን በመቀየር ላይ ሳለች እትዬ ጮኹ።

«ነይ ነይ! በረደለት! ለቀቀው!»

ሹራቧን እየደረበች ሮጠች። ግንባሩን ስትነካው እውነትም ቀዝቅዟል። ልቧ ቅቤ ጠጣ። እትዬማ ራሳቸው ያዳኑት ያህል ፎጣውን እያራገፉ ይንጎራደዳሉ።

«እንዴት ነህ?» አለችው፣ ጎንበስ ብላ።

በጥድፊያ የላይኛውን ቁልፍ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ከታው ኖሮ ሹራቧ ባንድ በኩል ወርዶ ተንጠልጥሏል። ቀጥ በል ዐይኑን እዚያው ላይ አሳረፈ። ሊቆጣት ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን «ሴትዮዋ ቆማ ቀረች፤ ወንበር ስጧት» ብሎ ዐይኑን ከደነ። ከሦስቱ በቀር በቤቱ ሰው አልነበረም።

እጁን ብትይዘው ቀዝቃዛና በላብ የራሰ ነው። ትንፋሹ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከትናንት ወዲህ ሽንቱን እንዳልሸናም ትዝ አላት።

«እትዬ፣ ይሄ ሰው አልተሻለውም።»

«በርዶለት እያየሽ? ምን ታሟርቺያለሽ!»

«ይሄን ቁልፍ አይቶ ዝም ካለ አልተሻለውም አልኩ!» ብላ ጮኸች። በእትዬ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እትዬም ደንግጠው ራሳቸው ታክሲ ፍለጋ ወጡ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ ጣቱን አይታ፣ የደም ግፊቱን ለክታ፣ ነርሶቹን በጥድፊያ ጠራች። ደም ለምርመራ ተወሰደ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሳይጠበቅ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ገባ፤ ጉሉኮስ ተሰቀለ፤ ኦክስጅን ተደረገለት፤ ጣቱ ተከፍቶ መግሉ ወጣ።

«ሴፕሲስ ይባላል» አለቻቸው ሐኪሟ። «ጀርሙ የገባው በጣቱ ነው፤ ሰውነቱ ግን እሱን ሲዋጋ ራሱንም እየጎዳ ነው። ግፊቱ ወርዷል፣ ልቡ ይሮጣል። እንዲህ ቀዝቅዞ የሚቃዥ በሽተኛ እየባሰበት እንጂ እየተሻለው አይደለም።»

«ይተርፋል?» አለች ሚስቱ።

«ሌላ አንድ ሰዓት ብትቆዩ ኖሮ እፈራ ነበር። አሁን ግፊቱንና ሽንቱን እንጠብቅ።»

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ፊታቸውን በፎጣው ሸፍነው አለቀሱ። «በረደለት ብዬ ወንድሜን ልገድለው!»

«እኔም እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ» አለችና ትከሻቸውን አቀፈች። ፈርታለች። ያለሱ ያን ቤት ማሰብ አልቻለችም።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነርሷ ብቅ አለች። «ግፊቱ ተስተካከለ፤ ሽንቱም መጣ!» እትዬ፣ ያ ሁሉ ጨዋነታቸው የት እንደገባ እንጃ፣ ለወንድማቸው ሽንት እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ነርሷ «ኧረ እማማ፣ በሽተኞች አሉ!» ብላ ለመነቻቸው።

ሚስቱ ገባች። ቀጥ በል ገርጥቶ ተኝቷል። ቀና ብሎ አያት፤ ዐይኑ ከፊቷ ወርዶ ሹራቧ ላይ ቆመ። ከትናንት ጀምሮ ያን ቁልፍ ማን አስታውሶት! ግንባሩ ተኮሳተረ።

«ምን ፈለግህ? ውሃ ልስጥህ?»

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ፤ ደህናውን እጁን ዘረጋ።

«ቀጥ በይ» አለ፣ በሰለለ ድምፅ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጁን መታ ታባርረው ነበር። አሁን ግን እንባዋ እየወረደ ቀጥ ብላ ቆመችለት። እያረፈ፣ እየተነፈሰ፣ ቁልፎቹን አንድ ባንድ ፈትቶ በየቀዳዳቸው መለሰ። ሲጨርስ ጣቶቹ አንገቷን ነኳት።

«እትዬ!» ብላ ተጣራች። «ይምጡ፣ ሞቀለት!»