ባለ አረንጓዴ በሯ

በቡና እርሻ ልማቱ የድሮ የሠራተኞች ካምፕ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ያው ጭቃ፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ረጅም መስመር። የጎረቤቴ የቱርከያ ልጅ ናስረዲን ሕፃን ሳለ ከጨዋታ ሲመለስ ቤቱ ይጠፋበትና እኔ ቤት ገብቶ፣ ምሳዬን በልቶ፣ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። አባቱ የቡና ማድረቂያውን ሲቀባ ከተረፈው ቀለም አምጥቶ በራቸውን አረንጓዴ አደረገው። ከዚያ ሁላችንም ተከተልን። እኔ ቢጫ ቀባሁ። ሰዉም በበሩ መጠራት ጀመረ። የሺሃረግ ብሎ የሚያውቀኝ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ለካምፑ ባለ ቢጫ በሯ ነኝ። ቱርከያም ባለ አረንጓዴ በሯ።

አባትየው ሲሞት ናስረዲን ወርቅ ልቆፍር ብሎ ወደ ዲማ ወረደ። "ባዶ እጄን አልመለስም" ብሏት ነው የሄደው። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ኋላ የቱርከያ ስልክ ገበያ ላይ ተሰረቀና ወሬው ጠፋ። እሷ ግን "ምን ቸገረኝ፣ ቤቱን ያውቀዋል" ትለኝ ነበር።

ከዚያ እርሻ ልማቱ አዲስ ሰፈር ሠራልን። አልዋሽም፣ ያምራል። የብሎኬት ቤት፣ ቧንቧ፣ መብራት፣ የልጆች ሜዳ፣ ከአንዱ ጫፍ ቆመህ ሌላኛውን የምታይበት ቀጥ ያለ መንገድ። የድሮው ካምፕ ፈርሶ ቡና ሊተከልበት ነው ተብሎ ሁላችንም ዕቃ ስንጭን፣ ቱርከያ በሯን ነቀለች። ሁለታችን ተሸክመን አመጣነው፤ እኔ መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭባት ነበር። አናጢ ጠርታ አዲሱን የላሜራ በር አስወጥታ የድሮውን እንጨት አስገጠመች።

"ቱርኬ፣ እንዲህ ባለ ቪላ ላይ ይሄን ጣውላ!" አልኳት።

"ልጄ ቪላውን አያውቅም፤ የሚያውቀው በሩን ነው።"

ምረቃው ደረሰና እንግዳ ይመጣል ተባለ። ቡና ለቀማ ውለን ስንመለስ ቀቢዎች በሩን ሁሉ ግራጫ አድርገውታል። የቱርከያንም። በላዩ ላይ ቁጥር ጽፈውበታል። ለምን ብንል ንድፉ ነው አሉን። ንድፋቸውን ይዘው ገደል ይግቡ! ቱርከያ በሩ ፊት ቆማ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ቀለሙ ደርቋል። "ነገ ቴፒ ሄጄ ቀለም እገዛለሁ" ብላ ገባች።

በማግስቱ እሷ ቴፒ ሄደች፣ እኛም ለቀማ ወጣን። ሰፈሩን የሚጠብቀው ገና በዚያ ሳምንት የተቀጠረው ዘበኛ፣ የማጂው አለሙ ነበር። ከሰዓት ስመለስ ቱርከያ በሯን ስትቀባ አገኘኋት። ጉንጯን ሳይቀር አረንጓዴ ነክቷታል፤ ታንጎራጉራለች። ቁጥሩ ከቀለሙ ሥር ጠፍቷል።

አለሙ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ ሳቀ።

"እናቴ፣ አረንጓዴ ወደዱ? ይሄ ጠዋት ቢሆን ያንን ሰውዬ አልመልሰውም ነበር።"

"የቱን ሰውዬ?" አልኩት።

"በሞተር የመጣ ነው። የድሮው ካምፕ ፈርሶ ቢያገኘው ወደዚህ መሩት። ባለ አረንጓዴ በሯ የት ናት አለኝ። እዚህ ሁሉም ግራጫ ነው አልኩት። በሮቹን አንድ በአንድ እያየ እስከ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። ከድሮዎቹ ያልመጣ አለ ወይ ሲለኝ፣ እንጃ፣ ሳይገቡ የሞቱም አሉ ይባላል አልኩት። እዚያች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።"

"ስም አልጠራም?" ብዬ ጮኽኩበት።

"ባለ አረንጓዴ በሯ ብቻ ነው ያለኝ።"

ምን ይበል ልጁ? በስም መጠራራትን መች አስተማርነው?

ቱርከያ ብሩሹን እንደያዘች ነበር። "ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው?" አለች።

"አለው፣ እዚህ ጋ።"

እጇን እርጥቡ በር ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ናስረዲን ልጅ ሆኖ እየሮጠ መጥቶ ግንባሩን የተፈነከተው በዚህ በር ነው።

"ከስቷል?" አለችው።

አለሙ አንገቱን ደፋ። "በፊት አላውቀውም እኮ፣ እናቴ።"

ያኔ አለቀሰች። እኔም አብሬያት ተንሰቀሰቅሁ፤ አለሙ የሚገባበት ጠፋው።

ያልፈለግንበት የለም። ሚዛን መናኸሪያ ሄደን ወደ ዲማ ለሚወርድ ሾፌር ሁሉ ነገርን። ግን እናቴ ሞታለች ብሎ የሄደ ልጅ ምን ሊያደርግ ይመለሳል? ይሄን ለቱርከያ አላልኳትም፤ እሷም ሳታውቀው አልቀረችም።

አሁን ከሥራ እንደገባች በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። ብርዱ ሲጠና "ቱርኬ፣ በሩን ከፍተሽ ከውስጥ ሆነሽ ጠብቂ" እላታለሁ። በሩ ሲከፈት ግን ወደ ውስጥ ስለሚዞር አረንጓዴው ከመንገድ አይታይም። ስለዚህ ዘግታው ውጭ ትቀመጣለች፣ ዝናብም ቢሆን።