የኦሪን ማጨጃ ምን ጠጣ?

ኦሪን ቲቦ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ የሣር ማጨጃውን የራዲያተር ክዳን ቢከፍት፣ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ብቅ አለበት። «በቃ፣ አለቀልኝ!» አለ።

እውነቱን ነው። የዚችን የአሜሪካ ቬርሞንት መንደር አደባባይ ሣር ሠላሳ ዓመት ያጨደው እሱ ነው፤ ዓምና ግን ማጨጃው ሁለቴ ቆመበት። የመንደሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ፕሩት በመጋቢቱ ስብሰባ «ለሦስተኛ ጊዜ ከቆመ ሥራው ለላይል ይሰጣል» ብለው አስወስነዋል። ቅዳሜ አደባባዩ ላይ የመንደሩ የፓንኬክ ቁርስ አለ፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው።

ላይል የኦሪን ሚስት የቬርና ወንድም ነው። አዲስ ማጨጃ ገዝቶ ስለ እሱ ሳያወራ ውሎ አያውቅም። እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ።

«የቴስታታው ጋርኒሲዮን፣ ዘይትና ውሃውን የሚለየው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል፤ ዘይት ውሃው ውስጥ ገብቷል» አለው ኦሪን። «እንግዲህ ደስ ይበልህ!»

«ቆይ እንጂ፣ ምን ያንገበግብሃል? የዘይት መለኪያውን አውጣ።»

አወጣ። ዘይቱ ጥርት ያለ ነው። ሞተሩን ለአፍታ ቢያስነሱት ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የለም፤ ጋርኒሲዮኑ ደህና ነው። ላይል ጣቱን ነከረ።

«ዘይት ያንሸራትታል። ይሄ ግን ጣቴን አልለቅም አለኝ!»

ይሄኔ ቬርና ከቤት ወጣች። ጎንበስ ብላ አሸተተችና ባሏን አፍጥጣ አየችው። «ኦሪን፣ የሜፕል ዛፍ ሽሮፕ ስታፈላ ድስቱን ያሳረርክ ዕለት የሸተተኝ ይሄው ነው።»

ሦስቱም ወደ መጋዘኑ ሮጡ። መደርደሪያው ላይ ሃያ የሽሮፕ ጀሪካን ተደርድሯል፤ አንዱም አልተጻፈበትም። «መጋዘኑን የማያውቅ ነው ምልክት የሚጽፈው» እያለ ሲኩራራ ኖሯል ኦሪን። የራዲያተሩ ፈሳሽ እዚያው በተመሳሳይ ጀሪካን ሳይነካ ሙሉውን ተቀምጧል። የጎደለው ከሜፕል ዛፍ ቀድቶ ያፈላው፣ ፓንኬክ ላይ የሚፈሰው ጣፋጭ ሽሮፕ ነው።

ላይልን ሳቁ መሬት ላይ አስቀመጠው። «አምስት ትውልድ ሽሮፕ ስታፈሉ! የቁርሱን ሽሮፕ ለመንደሩ የምታመጣው አንተ!»

«ድምፅህን ቀንስ! በእናትህ፣ ለማንም እንዳትናገር!» ኦሪን እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚህስ ጋርኒሲዮኑ ቢቃጠልለት በወደደ።

«እሺ፣ አልናገርም» አለ ላይል እንባውን እየጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም መቼም፤ ዓርብን ሙሉ አብሮት ቱቦ ሲፈታና በሙቅ ውሃ ሲያጥብ ዋለ። ቬርና እያጉረመረመች ውሃ አፈላች።

ቅዳሜ ማጨጃው ተነሣ። ኦሪን ደረቱን ነፍቶ አደባባዩን ይዞር ጀመር። ሲጨምረው የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ የፈሰሰውን ሽሮፕ ግን ማንም አላጠበውም ነበር። ብረቱ ሲግል ሽታው መንደሩን አወደው፤ ሕዝቡም ሳህኑን ይዞ ከሰልፍ እየወጣ ማጨጃውን ይከተል ገባ።

ወይዘሮ ፕሩት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። «አንተ ኦሪን፣ ምንድን ነው የምታቃጥለው?»

መዋሸት አማረው። ላይል አንገቱን ደፍቷል።

«ሽሮፕ ነው፣ ወይዘሮ ፕሩት። ተሳስቼ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሬው ነው።»

ወይዘሮ ፕሩት በረጅሙ አሸተቱ። «የዓምናው ምርጡ፣ ጥቁሩ ሽሮፕ?»

«እሱው ነው።»

«ወይ ግፍ!» ራሳቸውን ያዙ። «በል እጨድ፣ ሥራህን አልነጥቅህም። የቁርሱን ሽሮፕ ግን ከእንግዲህ ላይል ያምጣ።»

«የአምስት ትውልድ ሽሮፕ!» አለ ኦሪን ወደ ላይል ዞሮ። ላይል በሕይወቱ ሽሮፕ አፍልቶ አያውቅም።