የመሕሙድ መኪና ገዢ

ሱሀይላ መኪናዋን ልትሸጥ ነው የተባለ ዕለት ደሴ ሌላ ወሬ አልነበራትም። መኪናዋ ጣሪያ የሌላት፣ መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የእንግሊዝ ኤም ጂ ናት። የፒያሳ ሰው ገና ድሮ «ራቁቷ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ባሏ መሕሙድ በጎረምሳነቱ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሳ እንግሊዛዊ አስተማሪ ገዝቷት፣ እስኪሞት ድረስ ከልጆቹ ለይቶ አላያትም። ባለፈው ዓመት እሱ ሞተ። ሱሀይላም ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለውን ቤት ዘግታ ኮምቦልቻ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው፤ እዚያ ደግሞ መኪና የሚያቆሙበት ግቢ የለም።

ደላላው ጋሹ ሲደውል ድምፁ ይስቅ ነበር።

«እማማ ሱሀይላ፣ ገዢ አገኘሁልዎት! ሰውየው ዋጋ እንኳ አልተከራከሩም። የኮምቦልቻው ነጋዴ፣ ጀላል ናቸው። የድሮ ወዳጃችሁ ነኝ ብለውኛል።»

ወዳጅ! ሱሀይላ ስልኩን ዘግታ ለብቻዋ «ወዳጅ!» አለች። እርግጥ ነው፣ ጀላል ከመሕሙድ ጋር ከአንድ ገበታ የበላ፣ በሰርጋቸውም ሚዜ የነበረ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ «ይህ ሰው በመኪናው መሣሪያ ያመላልሳል» ብሎ የጠቆመውም እሱ ነው። መሕሙድን ሐረጎ ዳገት ላይ ከመኪናው አውርደው ወሰዱት። ሲገርፉት የጓደኛውን ድምፅ ከበሩ ወዲያ ሰማ። ራቁቷም መጋዘን ውስጥ ታስራ ከርማ እሱ ሲፈታ አብራው ተፈታች፤ የመሕሙድ ግራ እግር ግን ከዚያ ወዲያ ፍሪሲዮን መርገጥ አልቻለም። ሱሀይላ መንዳት ተማረች። እሷ በቀኝ፣ እሱ በግራ ተቀምጠው አረጁ።

ጀላል ያን ሁሉ ዘመን ዓይኑን በጨው አጥቦ ዒድ በመጣ ቁጥር ቤታቸው ይመጣ ነበር። መሕሙድ ያስተናግደዋል፣ ሱሀይላ በጓዳ ትቃጠላለች። በመጨረሻ የመሕሙድን ጀናዛ ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያስቸገራት መሕሙድ ራሱ ነው። ሊሞት ሲል እጇን ይዞ፣ «ጀላልን አፉ ብዬዋለሁ። ንገሪው፤ አማና ነው፣ አደራ» አላት። እሷም እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ ግን ቃሉን ሆዷ ውስጥ ቆልፋ ያዘችው። መጀመሪያ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናዘዝ፣ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ ትላለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል ታውቃለች፤ መስገጃዋ ላይ በተቀመጠች ቁጥር ታስበዋለች። ግን ቂሙ ደሟ ውስጥ ገብቷል፤ ከየት ቆርጣ ትጣለው?

ጀላል በነጋታው ሆጤ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ጢሙን በሂና አቅልሟል።

«በዚህ ዓመት አላህ ካለ ሐጅ ልሄድ ነው፣ ሱሀይላ» አለ፣ እጁን ግቢው ውስጥ በቆመችው መኪና ኮፈን ላይ አሳርፎ። «ሰው ነንና፣ አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኩሽ ካለ አፉ በይኝ።»

ሐጅ የሚሄድ ሰው እንዲህ እያለ ቤት ለቤት ይዞራል፤ የተጠየቀውም ምን በድለኸኝ ነው ሳይል «አፉ ብያለሁ» ብሎ ይመርቀዋል። የአገሩ ወግ ነው። ብልጡ ጀላል ይህን ወግ ተማምኖ መጣ፤ በደሉን ከሺህ ሰው ሰላምታ ጋር ቀላቅሎ ሊያሳልፈው! መልሱ በልማድ ብቻ ሱሀይላ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነክሳ መለሰችው።

«መጀመሪያ መኪናዋን ሞክራት» አለች። «ግባ፤ እኔ እነዳለሁ።»

ጀላል መሕሙድ በኖረበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፒያሳን ሲያልፉ ባጃጆች ጥሩምባ ነፉላቸው፤ ጀላልም እንደ ሙሽራ እጁን ያወዛውዛል። ከተማው ሲያልቅ፣ «ለምን ፈለግካት?» አለችው።

«የወንድሜ ማስታወሻ ናት» አለ።

ሱሀይላ ነዳጁን ረገጠች። የሐረጎን ቁልቁለት ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ ላይ ስትወርደው ጀላል በሩን በሁለት እጁ ያዘ። «ኧረ በአላህ፣ ቀስ በይ!» ፍሬኑ ማርጀቱን እሷ ታውቃለች። ገደሉም እዚያው አጠገባቸው ነው። መሪውን ትንሽ ብታላላው ሁለቱም አይተርፉም፤ ይህንም አሰበች። ከዚያ መሕሙድ የተያዘበት ቦታ ስትደርስ ዳር ይዛ ቆመች።

«እዚህ የሆነውን ንገረኝ።»

«የቱን?»

«አውቄም ሳላውቅም የምትለውን ለሌላው ሰው በለው። ለእኔ ያወቅኸውን ንገረኝ።»

አንድ ተሳቢ መኪና እያቃሰተ አለፋቸው።

«እኔ ነኝ» አለ ጀላል በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የጠቆምኩት። ወላሂ መሣሪያ የሚባል አላየሁም። ይችን መኪና ተመኝቼ ነው። እሱ ከታሰረ ለእኔ ይሰጡኛል ብዬ ነው፣ ሱሀይላ። አልሰጡኝም።»

ለመኪና! ሱሀይላ የፖለቲካ ነገር ይመስላት ነበር፤ ፍርሃት፣ ማስፈራሪያ፣ አንድ የሆነ ነገር። የባሏ እግር ለዚህ ኖሯል የሄደው።

«ያውቅ ነበር?» አለ ጀላል።

«ድምፅህን ሰምቷል።»

«በዒዱ ሁሉ... እያወቀ ነው ያጎረሰኝ?»

«እያወቀ።»

ሽማግሌው ጥምጣሙን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበትና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። የአዞ እንባ አልነበረም፤ ሱሀይላም አይታ ለየችው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሊሞት ሲል ስለ እኔ ምንም አላለም? አፉ አላለኝም?» ሲል ጠየቃት።

የጠበቀችው ሰዓት ይኸው ደረሰ። ጥፋቱን በገዛ አፉ ተናግሯል፤ የቀረው የእሷ ቃል ነው።

«አላለም» አለች።

ጀላል ከመኪናዋ ወርዶ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጢጥ አለ። ሐጁንም መኪናዋንም አላነሳም። ሱሀይላ ጥላው ነዳች። ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ በሰርጓ ቀን እንኳ እንዲህ ደስ አላላትም። ነፋሱ ሻሿን ሲያውለበልበው ሳቀች። ጋሹ ደውሎ «ተስማማችሁ?» ሲላት፣ «ሌላ ገዢ ፈልግ» ብላ ዘጋችበት።

ሁለት ጠመዝማዛ እንዳለፈች ግን ሳቋ ቆመ። ጀላል ያለበትን ተናዝዞ ወጣ። አሁን የመሕሙድን አማና የበላችው እሷ ናት፤ እሷን ደግሞ አፉ የሚላት ሰው ከመሬት በታች ነው። መኪናዋን አቆመች። ዘወር ብላ ዳገቱን አየች። ሰውየው ገና እዚያው ነው፤ ነጩ ጀለቢያው ይታያል። ተመልሶ አንድ ቃል መንገር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

«መሕሙድ፣ አውቄ ነው፤ አፉ በለኝ» አለች ጮክ ብላ።

ከዚያ ማርሽ አስገብታ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ነዳች።