ከምስክርነቱ በኋላ

«ቶሎ በይ አቢጊ፣ ሰው ሳይመጣ።»

አባይነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተንበርክካ በታችኛው በኩል የተበሳውን የሃይላንድ ፕላስቲክ ወደ ልጇ አፍ አስጠጋች። በቀዳዳው ቡናማው የሚነፋ የአስም መድኃኒት ተሰክቷል። የሰባት ዓመቷ አቢጋኤል ነርሷ እንዳሳየቻት ቀስ ብላ ሳበች።

ሰማያዊው ሲያፍናት ብቻ ነው፤ ቡናማው ግን ቢያማትም ባያማትም ጠዋትና ማታ የሚወሰድ ነው። ችግሩ የመጣው ልጅቷ ደህና ስትሆን ነው። ለወራት ሳያፍናት ሲቀር አባይነሽ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ጉባኤው ፊት ቆመች፤ «ጌታ ልጄን ፈውሷታል፣ መድኃኒቱን ትተናል» ብላ መሰከረች። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። አማቷም ወሬውን አገራቸው ጃጁራ ድረስ አዳረሱት። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ታፍና ሰው ሳይሰማ ሆስፒታል ገባች።

«ደህና የነበረችው እኮ ስለምትወስደው ነው» አለቻት ነርሷ።

መድኃኒቱ ተመለሰ። ምስክርነት ግን እንዴት ይመለሳል? ይኸው አሁን በድብቅ ሆነ። አማቷ ለጥየቃ መጥተው ከከረሙ ወዲህማ ቤትም መደበቂያ የለም። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች፤ ማታ ደግሞ መድኃኒቱን ከአማቷ ዓይን ስታሸሽ ታመሻለች። አንዳንዴ ድካሙ ያሸንፋትና ይዘለላል። ዛሬም ጠዋት አልተመቻትም።

«እማዬ፣ ሰማያዊውንም ስጪኝ።»

«አፈነሽ እንዴ?»

«ትንሽ። አርብ ግን ትምህርት ቤት በጣም አፍኖኝ ነበር።»

«ቦርሳሽ ውስጥ ነበር እኮ! ለምን አልወሰድሽም?»

«ልጆቹ ያዩኛላ። አንቺ ድናለች ብለሽ የለ? ውሸታም እንዳይሉሽ ብዬ ነው። ዴስኩ ላይ ተደፍቼ ቆየሁ፣ ከዚያ ለቀቀኝ።»

አባይነሽ አፈረች። ከማፈሯ በላይ ፈራች፤ ባይለቃትስ? ሰማያዊውን ነቅንቃ ሰጠቻት።

«አባይነሽ! መዝሙር ተጀምሯል እኮ፣ ምን ታደርጋላችሁ እዚህ?» አማቷ በግድግዳው በኩል ብቅ አሉ።

አቢጋኤል ከእናቷ ቀድማ ፕላስቲኩን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችው። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ማን አስተማራት? አባይነሽ መልሱን ታውቀዋለች። እጇን ሰድዳ ፕላስቲኩን አወጣችው።

«መድኃኒት እየወሰደች ነው እማማ። አልተወችውም። መተውም የለባትም።»

አሮጊቷ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋባቸዋል። በሀዲይኛ አንድ ሁለት ነገር ካጉረመረሙ በኋላ ነው የተመለሰላቸው።

«ለሰው ምን ልንል ነው?»

«እኔ እንጃ እማማ። ደክሞኛል።»

ሦስቱም ገብተው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አቢጋኤል ትንፋሿ ተስተካክሎ ከሰው ጋር ትዘምራለች። አማቷ ፊታቸውን አዙረዋል። አባይነሽ ፕላስቲኩን ወደ ቦርሳዋ አልመለሰችውም።

መዝሙሩ ሲያበቃ የፕሮግራም መሪው ማይኩን አነሳ።

«ምስክርነት ያለው አለ?»

አባይነሽ ፕላስቲኩን እንደያዘች እጇን አወጣች።