እማማ ንቁ ሰማይ ሲጠብቁ

ፎቶ አንሺዋ ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ሰው ዓይኑን እንዳይጨፍን መለመን ነው። ስቱዲዮዋ ጠባብ ናት፤ አንድ ነጭ መጋረጃ፣ አንድ በርጩማ፣ ሁለት የመብራት ጃንጥላ። የጉርድ ፎቶ ፈላጊው ይመጣል፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ መብራቱ ብልጭ ሲል ዓይኑን ይከድናል። «አንዴ እንድገመው» ትላለች። ይደገማል። ማታ ቤቷ ከገባች በኋላ እንኳ «ቀና ይበሉ፣ አይሳቁ፣ ዓይንዎን ይግለጡ» የሚለው የራሷ ድምፅ ከጆሮዋ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ቀና በል የማትለውን፣ ዓይኑን የማይጨፍንባትን ነገር ማንሳት አማራት። ሰማይን።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ካሜራውን የሚኖሩበት ፎቅ ጣሪያ ላይ ተክሎ፣ በየግማሽ ደቂቃው ራሱ ፎቶ እንዲያነሳ አስተካክሎ፣ እስኪነጋ መተው። ጠዋት ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ደርድሮ በፍጥነት ሲያስኬዱት፣ ሌሊቱን ሙሉ ያዘገመው ሰማይ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሲዞር ይታያል። ሲሠሩት ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ጤዛ ሌንሱን ሸፈነውና ሰማዩ ወተት የተደፋበት መሰለ። በሚቀጥለው ባትሪው ከከዋክብቱ ቀድሞ ተኛ። ከዚያ ደግሞ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት አረንጓዴ መስቀሉን ብልጭ ድርግም ሲያደርገው አድሮ፣ ሰማይ ያለችው ሁሉ አረንጓዴ አረም የወረሰው ኩሬ ሆኖ ቁጭ አለ።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ በጊዜ ይተኛል፤ አንዴ ከተኛ ደግሞ ጣሪያው ቢወድቅ አይሰማም። ችግሩ እሱ አልነበረም። ችግሩ አማቷ ነበሩ።

አማቷ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቁም። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ማደርማ የት አለ፤ እንዲሁ እንደተጋደምኩ ነጋ» ነው መልሳቸው። የፎቁ ሰው በሙሉ ይህን ያውቃል፤ «እማማ ንቁ» የሚል ስምም አውጥቶላቸዋል። ቤቱም የሚተዳደረው በዚሁ ነው። የበሮቹ ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ጠጥቷል። ድስት የሚታጠበው ገና እንደተወለደ ሕፃን ነው፣ በሁለት እጅ፣ በዝግታ። ሬዲዮ አይከፈትም፤ ምናልባት ሸለብ አድርጓቸው ከሆነስ? ሹፌሩ ጫማውን የሚያደርገው ደረጃው ላይ ወጥቶ ነው። ምራትየዋ አማቷን ታከብራለች፣ ታዝንላቸዋለችም፤ አንዳንዴ ግን፣ በተለይ ማንኪያ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲንኳኳና ልቧ ቀጥ ሲል፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ጮክ ብዬ ባስነጠስኩ ትላለች።

ታዲያ አንድ ምሽት ጣሪያው ላይ ከካሜራዋ ጋር ስትታገል ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ሰማች። አማቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት እዚህ የምትወጪው ምን ፍለጋ ነው?» አሉ። «ባልሽን እንደሆነ ታች ሲያንኮራፋ ሰምቼው ነው የወጣሁት።»

ነገረቻቸው። ስለ ጤዛውም፣ ስለ ባትሪውም፣ ስለ መስቀሉም። አማትየዋ አገጫቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ሰማይ መዞሩን ለማየት ነው ይሄ ሁሉ ድካም?»

«አዎ እማማ።»

«እና እቤትሽ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ የምታድር ሴት እያለች፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

በማግስቱ ሥራው የሁለት ሰው ሆነ። አማትየዋ ለጉልበታቸው ቁርጥማት የሚይዙትን፣ ሙቅ ውሃ የሚሞላ የጎማ ከረጢት ይዘው መጡ። «ይሄን ከሌንሱ ሥር እሰሪው። ሙቀት ካለ ጤዛ አይጠጋም፤ ጉልበቴ አንድ ሌሊት ይታገሳል።» ተጨማሪ ባትሪ ተገኘ። ቀጥለው መንገዱን ተሻግረው ወደ መድኃኒት ቤቱ ገቡ፤ ምራትየዋም ተከተለቻቸው።

«ያንን መስቀልህን ዛሬ ማታ አጥፋልን» አሉት ፋርማሲስቱን።

«እማማ፣ እሱ እኮ ሰው መድኃኒት ቤቱን እንዲያገኘው ነው።»

«ማታ ዘግተህ ትሄድ የለ? የተዘጋ በር አግኝቶ ምን ሊሠራበት ነው?»

ፋርማሲስቱ በመስኮቱ ወደ መስቀሉ ቀና ብሎ አየ።

«ደግሞ» አሉ፣ «አንተ የሸጥክልኝ የእንቅልፍ ኪኒን አንድም ቀን አስተኝቶኝ አያውቅም። ለሱ ካሣ ይሁነኝ።»

ፋርማሲስቱ ማብሪያ ማጥፊያውን በራሱ እጅ አሳያቸው።

ሌሊቱ ጥርት ያለ ነበር። ፎቶ አንሺዋ ካሜራውን ከውሃ ታንከሩ በላይ ያለውን ሰማይ እንዲያይ አድርጋ ተከለችው፣ ከረጢቱን አሰረች፣ ለአማቷ መደገፊያ ያለው ወንበር ከካሜራው ጀርባ አስቀመጠችላቸው። ልትቀመጥ ስትል ግን አማትየዋ በእጃቸው ከለከሏት።

«አንቺ ነገ ሥራ አለሽ። ውረጂና ተኚ። እኔ እንደሆነ ከመኝታዬ ላይ ጣሪያ አይ ነበር፣ ዛሬ ሰማይ አያለሁ። ውሃው ሲቀዘቅዝም ወርጄ እቀይረዋለሁ።»

ምራትየዋ ወረደች፤ እንደ ድንጋይ ተኛች። ጎህ ሲቀድ እየሮጠች ስትወጣ አማቷ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«እንዴት አደሩ?»

«ማደርማ የት አለ» አሉ። «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። አንዲት ድመት መጥታ ነበር፣ አባረርኳት።»

ስቱዲዮዋን ከፍታ፣ ደንበኛ ሳይመጣ ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ደረደረችና አስኬደቻቸው። ሰማዩ ተንቀሳቀሰ። ከዋክብቱ ልክ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ትልቅ ጎማ እንደሚያሽከረክር እየተያያዙ ዞሩ። ከዚያ የምስሉ ታችኛው ጥግ ላይ ዓይኗ ዐረፈ።

አማቷ ናቸው። ነፋሱ በርትቶባቸው ኖሮ ወንበራቸውን ጎትተው ከውሃ ታንከሩ ሥር ተጠግተዋል፤ እዚያ ካሜራው እንደሚያያቸው አላወቁም። እያንዳንዱ ፎቶ ሲነሳ የካሜራው ዓይን ለብዙ ሰከንድ ተከፍቶ ስለሚቆይ፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ጭስ መስሎ ነው የሚወጣው። አማትየዋም መጀመሪያ ላይ ጭስ ነበሩ። ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ከረጢቱን ሊቀይሩ ሄዱ፣ ተመለሱ። ከዚያ ጭሱ ረጋ አለ። ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ዘንበል፣ አፋቸው ከፈት አለ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሐውልት ጥርት ብለው ወጡ። ድመቷ መጣች። ጭናቸው ላይ ወጣች፣ ተጠቀለለች፣ እሷም ጥርት አለች። ከዋክብቱ በላያቸው ላይ ዞረው ዞረው ሰማዩ ነጣ፤ ያኔ ድመቷ ወረደች፣ አማትየዋም ነቅተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ፎቶ አንሺዋ ሳቋ አፈናት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስትንፈቀፈቅ የመጀመሪያው ደንበኛ ገባ፤ ያን ቀን «አይሳቁ» ያላት እሱ ነበር።

ማታ ለባሏ በስልኳ አሳየችው። እሱም ትራሱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄን ለእማዬ ካሳየሻት ቤት መቀየር አለብን» አለ።

«እሳቸው ጫማህን ደረጃ ላይ ሲያስደርጉህ የኖሩ እኮ ናቸው።»

«ብትሆንም። ሰው የሚታወቅበትን ነገር መንጠቅ ቀላል አይደለም።»

እሷም ስትገላበጥ አደረች። ዝም ልትል ትችላለች፤ ግን አማቷ በየጠዋቱ «እንዲሁ ነጋ» ሲሉ ፊቷን ምን ልታደርገው ነው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሁሉም ሰው አውቆ አንድ እሳቸው ብቻ ቢቀሩ ደግሞ ከስድብ አይሻልም። ከሁሉ በፊት ለራሳቸው ልትነግራቸው ወሰነች።

በምሳ ሰዓት ስቱዲዮዋ ጠራቻቸው፣ በሩን ዘጋች፣ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻቸውና ፊልሙን ከፈተችው። ስለ ሰማዩ ደስ አላቸው። ቀጥሎ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ያቺ ከታንከሩ ሥር ያለችው ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ምን ሆና ነው እንደዚህ የተዘረጋች?»

«ተኝተው ነው እማማ።»

አማትየዋ እንደገና እንድታስኬደው በጣታቸው አሳዩ። ዳግመኛ አዩ። ድመቷ ጭናቸው ላይ ስትወጣ ጭናቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«ውሸቴን አልነበረም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እውነት ነበር የሚመስለኝ። ስባንን ጨለማ ነው፤ ደግሜ ስባንን ጨለማ ነው። በመሃል ያለውን ማን ይነግረኛል? ድሮ እሱ ነበር ጠዋት ጠዋት ‹ስታንኮራፊ አደርሽ› የሚለኝ። ከሱ ወዲህ የነገረኝ ሰው የለም።»

ምራትየዋ እጃቸውን ያዘች።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ያልተኛ ሰው አንድ ቀን ጭንቅላቱ ይነካል ሲሉ ሰምቼ ስፈራ ነው የኖርኩት። ለናንተ አልነገርኳችሁም እንጂ።» ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው፤ ቀጥሎ የሳቅ ነገር ፊታቸው ላይ መጣ። «አፌን ደግሞ እንዴት አድርጌ ነው የከፈትኩት! በይ፣ ለሰው እንዳታሳዪው።»

«አላሳይም» አለች፤ አላሳየችምም። ታችኛውን ጥግ ቆርጣ ሰማዩን ብቻ አስቀረች።

የፎቁ ሰው ፊልሙን ለማየት ሲጠይቅ፣ አንድ ምሽት ጣሪያው ላይ የስቱዲዮውን ነጭ መጋረጃ ሰቅለው ፕሮጀክተር ተዋሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር ወንበሩን ይዞ ወጣ። ፋርማሲስቱም መስቀሉን አጥፍቶ መጣ። ሰማዩ መጋረጃው ላይ ዞረ። ሲያልቅ ፋርማሲስቱ ብድግ አለ።

«እማማ ንቁ ባይኖሩ ይሄ ሁሉ አይገኝም ነበር» አለ። «ለኛ ብለው ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን ሳይከድኑ አደሩ። እናጨብጭብላቸው።»

ተጨበጨበ። አማትየዋ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ጭብጨባው ቀጠለ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ፣ ቀጥለው ወደ ግራ አዞሩ፤ በመጨረሻ እጃቸውን አነሱ።

«በቃ፣ በቃ» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ሌላኛውን አምጪው።»

«የቱን እማማ?»

«የቱን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያላበሰልኩትን ወጥ አጣፈጥሽ ስባል ደስ አይለኝም።»

ሙሉው ፊልም ተከፈተ። መጀመሪያ አንድ ሰው ፍርፍር አለ፣ ድመቷ ጭናቸው ላይ ስትጠቀለል ግን ጣሪያው በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉም በላይ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

«ኪኒኔ ሠራ ማለት ነው» አለ ፋርማሲስቱ።

«ያንተን ኪኒን ከተውኩ ቆየሁ። ነፋሱና ድመቷ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ድምፅ አወጣ። ሹፌሩ ጫማውን እንደ ሰው ሳሎን ውስጥ ማሰር ጀመረ፤ አንዳንዴም ያፏጫል። ፎቶ አንሺዋ አንድ ጠዋት ቤቱን የሚያናጋ ማስነጠስ አስነጠሰች፤ ከመኝታ ክፍሉ «ይማርሽ» የሚል መልስ መጣላት። አማትየዋ አሁንም ሌሊት ይባንናሉ፤ ግን እንዴት አደሩ ሲባሉ «መቼም ሳልተኛ አልቀርም» ይላሉ።

ቀጣዩ ጥርት ያለ ሌሊት ሲመጣ ምራትየዋ ጣሪያው ላይ ካሜራዋን ተክላ ሁለት ወንበር ከታንከሩ ሥር አስቀመጠች። በማግስቱ በዓል ስለነበረ ሥራ የለም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ሟቹ አማቷ ወሬ ሲሰልቁ አመሹ፤ ሰውየው ሲያንኮራፉ የመስኮት መስታወት ያንቀጠቅጡ እንደነበረ ያን ሌሊት ነው የሰማችው። ወሬው የት ላይ እንዳለቀ ግን አታስታውስም።

ፊልሙን ስታይ አወቀች። ቀድማ ጥርት ያለችው እሷ ናት፤ አንገቷን ወደ ጎን ጥላ፣ ምራቋ ሊዝረበረብ ትንሽ ሲቀረው። ከጎኗ አንድ ጭስ ከወንበሩ ተነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ ጋቢውን አውልቆ በሷ ላይ ጣለ፤ ጫፉንም ከእግሯ ሥር እየወተፈ ብዙ ፎቶ ሙሉ ቆየ።