የማበጠሪያ ጀርባ

አጥንቷን ጠረጴዛው ላይ ስጥላት «ጠቅ» አለች፤ ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ሥርዓት ያለው ድምፅ። ናሷ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ይየኝ የምትል ዓይነት ናት። ሦስተኛዋ፣ ከወንድም ጋሼ ጊታር የተረፈችው ነጭ ፕላስቲክ፣ እንደ ባቄላ ፍሬ ዱብ ብላ ዝም አለች።

«ሰማሽ አይደል?» አልኳት እማን። «ይቺ ምንም የላትም።»

እማ በሩ ላይ ቆማ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ታብሳለች። አልመለሰችልኝም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እማ የምትመልሰው የተጠየቀችውን ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ እኔው እሞላዋለሁ።

የምመርጠው ለነቷ ነበር። ነት የጊታር አንገት ጫፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ክሮቹ በየቦያቸው የሚያልፉባት ትንሽ ነገር ናት። ትንሽ ናት ብሎ የሚንቃት ሰው ጊታር አይሥራ። በጣት ያልተጫነ ክር ሲመታ፣ የሚሰማው የእሷም ድምፅ ነው።

ጊታሩን መሥራት የጀመርኩት በእማ ምክንያት ነው። ወንድም ጋሼን ሞተር ብስክሌቱ ላይ እንዳለ መኪና ሲገጨው ጊታሩ ጀርባው ላይ ነበር። ልብሱን በአንድ ፌስታል፣ ጊታሩን በሌላ ፌስታል አድርገው ሰጡን። ከጊታሩ መልክ የነበረው የአንገቱ ጫፍና ብሪጁ ብቻ ነው፤ ብሪጁ ማለት ሆዱ ላይ ተለጥፎ ክሮቹን ከታች አንቆ የሚይዘው እንጨት። እማ ፌስታሉን አልጋዋ ሥር ከተተችው። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሣ፣ «ያ ድምፅ ግን ከዚህ ቤት ጨርሶ ወጣ ማለት ነው?» አለች። እኔ እሠራዋለሁ አልኳት።

አክስቴ ስትሰማ ሳቀች። ሱቅ ሞልቶ፣ ደግሞስ ማን አስተምሮሽ አለችኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ያበላሸኝም የለም። ስልኬ ላይ ማየት የሚቻለውን አየሁ፣ ልኩን ሁሉ ከፌስታሉ ስብርባሪ ላይ ወሰድኩ። ከተጣለ ቁምሳጥን ሆዱን፣ ከአሮጌ አልጋ እግር አንገቱን አወጣሁ። አክስቴ ሁለተኛ ስትመጣ አልሳቀችም፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ለብሪጁ የሚሆን እንጨት ግን አስቸገረኝ። ለስላሳው፣ ክር ሲወጠርበት ይሰነጠቃል። ጠንካራውን ከየት ላምጣ ብዬ ስብሰለሰል፣ እማ ኩሽና ገብታ ዘነዘናዋን አመጣች፣ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመችውና ወጣች። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ዘነዘና ነው። ስከፍለው መጋዙን አጋለው፤ ስሞርደው ደግሞ ሲወቅጠው የኖረው ቅመም ሁሉ ተነሥቶ አስነጠሰኝ። ያን ቀን እንባዬ እየወረደ ነው የሠራሁት፤ የቅመሙ ይሁን የሌላ አልመረመርኩም። ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ቀጭን አጥንት ገደድ አድርጌ ቀበርኳት። እንዴት እንደምታዘነብል ከወንድም ጋሼ ብሪጅ ላይ በወረቀት አንሥቼ ነው። አጥንቱን የሰጠኝ ሥጋ ሻጩ ነበር፣ ለውሻዬ መስሎት። አላረምኩትም።

«የሱን አድርጊበት» አለች እማ፣ ከበሩ ላይ ሳትንቀሳቀስ።

ፕላስቲኳ የፋብሪካ ውዳቂ መሆኗን፣ ቦዮቿ ጠማማ መሆናቸውን፣ የሠራት ሰው ሐፍረት የሚባል እንዳልፈጠረበት አስረዳኋት። የወንድም ጋሼ ድምፅ ፕላስቲክ ውስጥ አልተቀመጠም አልኳት።

«አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ» ብላ ሄደች። ስድብ አልነበረም። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጊታሩን አቅፌ «ሬዲዮ» ወደምንለው መሣሪያ ጠጋኝ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሰው ኖረም አልኖረም ስለሚያወራ ነው ሬዲዮ ያልነው። ክር ልገዛ ነው ብዬ ነበር የወጣሁት፤ እውነቱ ግን የሚያደንቀኝ ሰው ፈልጌ ነው፣ ምን ይደበቃል። ተቀበለኝ። ሆዱን በጣቱ አንኳኳ፣ ብሪጁን ዳበሰ፣ ዝም አለ። ሬዲዮ ዝም ካለ ወይ ባትሪው አልቋል ወይ ዜናው ከባድ ነው።

«ለግራኝ ነው እንዴ የሠራሽው?»

አልገባኝም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አሳየኝ። የሁሉም ብሪጅ ላይ ያለችው ቀጭን ነገር ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፣ የእኔዋ ወደ ሌላው። ስልክ ሰውን እንደ መስታወት ይገለብጠዋልና ቪዲዮዎቹም ተገልብጠው የመጡ ነበር የመሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያየሁት ጊታር አንድ ነው፣ የወንድም ጋሼ። ጊታር ማለት እሱ ነበር፤ የተገለበጠው ዓለም ነው። ይህን ስነግረው ሬዲዮ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ የማን እኅት መሆኔ ትዝ አለውና ሳቁን ዋጠው።

ምንም አይደል አለኝ። የብሪጁን ቦይ በዚያው እንጨት ደፍኖ ወደ ሌላ ጎን አዘንብሎ መቆፈር፣ ነቷንም በቀኝ አስልቶ መቁረጥ ነው፤ ለአንቺ እጅ ቀላል ነው አለኝ። አድናቆቱን አገኘሁ ማለት ነው። ደስ አላለኝም። ቢያንስ አብሮኝ ይሳቅባት ብዬ ያቺን ፕላስቲክ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ።

«ይቺ የፋብሪካ አይደለችም፣ እቱ» አለኝ። «የማበጠሪያ ጀርባ ናት። ወንድምሽን ለግራኝ የሚሆን ነት የለኝም ስለው፣ እሺ ብሎ ሄዶ በቢላ ቆርጦ አመጣት። ጠማማ ናት ብዬ ብስቅበት፣ ማን አስተማረኝና ብሎ ኮራብኝ።»

ክሩን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ፕላስቲኳን እንደጨበጥኳት ነበር፤ ቤት ስደርስ ቦዮቿ መዳፌ ላይ ታትመዋል።

ለእማ የነገርኳት የሥራውን ብቻ ነው። ጊታሩ በግራ እንደወጣ፣ እንደማዞረው፣ አጥንቷን በቀኝ እንደምቆርጣት፣ ከዚያ መጫወቱን ራሴ እንደምማር። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላውን አስቀመጠች።

«እንዳታዞሪበት» አለች።

ከዚያ የነገረችኝን ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ወንድም ጋሼ ልጅ ሳለ ማንኪያውንም እርሳሱንም በግራው ነበር የሚይዘው። አስተማሪው አስጠርቶ ወቀሳት፣ ጎረቤት ሳቀባት፣ አባባም ልጁን መሳቂያ አታድርጊው አላት። ስለዚህ ግራ እጁን በገዛ ሻሿ ከወገቡ ጋር ታስረው ጀመር፤ ሲበላ፣ ሲጽፍ። አያለቅስም ነበር። ስትፈታው እጁን እንደ ሰው ዕቃ እያገላበጠ ያየዋል። በኋላ ቀኙን ለመደ፤ እኔም ሲጽፍ የማውቀው በቀኙ ነው። ጊታር የያዘ ቀን ግን በግራው መታው፤ እየመታም ቀና ብሎ አያት። ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተች። ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ነገ እለዋለሁ፣ ነገ እለዋለሁ ስል» አለች። ሽንኩርቱን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «እኔ አስሬበታለሁ፣ ልጄ። አንቺ ደግሞ አትሰሪበት።»

ቢላውን አነሣሁና የቀረውን ሽንኩርት እኔ ላጥኩት።

አጥንቷንና ናሷን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። የማበጠሪያዋን ጀርባ ሥሯን ብቻ ሞርጄ አንገቱ ጫፍ ላይ በሙጫ አስቀመጥኳት። ቦዮቿን ላቃናቸው ሞረዱን አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ጠማማ እንደሆኑ ቀሩ።

ሙጫው ሲደርቅ ክሮቹን ወጠርኩ። የዘነዘናው እንጨት ሲጢጥ አለ እንጂ አልተነቃነቀም። እማ መጥታ የወንድም ጋሼ አልጋ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሞተ ወዲህ እዚያ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ጊታሩን በግራ አቀፍኩት፤ ባዕድ ሆነብኝ። ቀኝ እጄ ልማዱ ነውና አሁንም አሁንም ወደ ክሮቹ ይሄድብኛል። አንዴ መለስኩት፣ ደግሞ ሄደ። እማ እጄን ያዘችው፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ በሁለት እጇ ሸፈነችው።

በግራ አውራ ጣቴ ወፍራሙን ክር ባዶውን መታሁት።

የታፈነ፣ አጭር ድምፅ ወጣ። ፕላስቲክ ድምፅ ይውጣል፤ አጥንቷ ብትሆን ክፍሉን ትሞላው ነበር። ለምን እንደሆነ ማስረዳት እችል ነበር። የወንድም ጋሼንም ድምፅ አይመስልም፤ እኔ እንኳ ሰምቼዋለሁ፣ እማ እንዴት አትሰማውም።

«ድገሚው» አለች።

ደገምኩት። ደግሜም ደገምኩት። እጄን አለቀቀችውም።